ከነጥቡ በፊት ደብተሩ፦ ክላሲክ ፊልሞችን ቤት ውስጥ አይቶ መመዘን

ከሁሉ በፊት አንድ ደብተር ይግዙ። ተማሪ የሚይዘው ባለ 50 ሉክ ይበቃል። እስክሪብቶውን በክር አስረው ከሪሞቱ አጠገብ ያኑሩት፤ ፊልሙ ሲያልቅ ተነሥቶ እስክሪብቶ መፈለግ ከመጣ ያ ማታ ሳይጻፍ ያድራል።

ደብተሩን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ብዙዎቻችን ፊልም አይተን ስንጨርስ ቁጥር እንጠራለን፤ «ከ10 ስምንት» እንላለን። ለምን ስምንት ሆነ ሲባል «ደስ ይላላ!» ከማለት ያለፈ መልስ የለንም። በሳምንቱ ቁጥሩ ለራሳችንም ምንም አይነግረንም። ክላሲክ በሚባሉት ፊልሞች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አንዱ ዓለም ያደነቀውን እኔ ማን ነኝና ብሎ 10 ይሰጣል፤ ሌላው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ይንቀራፈፋል ብሎ 4 ይሰጣል። አንደኛው የመዘነው ዝናውን ነው፣ ሁለተኛው ዕድሜውን። ፊልሙን ሁለቱም አላዩትም።

እኔ ለዓመታት ሳሎኔ ውስጥ ስሠራበት የኖርኩት ደንብ አንድ ነው፦ ቁጥር የመጨረሻው ሥራ ነው፤ መጀመሪያ ያዩትን ይጻፉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከየትኛው ይጀመር?

«የምንጊዜም ምርጥ» የተባለውን መጀመሪያ አያውጡ። የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ የፊልም ሐያስያንን ድምፅ እየሰበሰበ ዝርዝር ያወጣል። በመጀመሪያው ዙር አንደኛ የወጣው የጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ «ባይስክል ቲቭስ»፣ በእኛ ቋንቋ «የብስክሌት ሌቦች» ነበር፤ ያኔ ፊልሙ ከተሠራ ገና 4 ዓመቱ ነው። ከ1962 እስከ 2002 የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» ቦታውን ይዞ ቆየ። በ2012 የሂችኮክ «ቨርቲጎ»፣ በ2022 ደግሞ የሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» ከላይ ተቀመጠ። ሥራዬ ብለው የያዙት ሰዎች ሐሳባቸውን እንዲህ ከቀያየሩ እርስዎ በአንድ ማታ የመጨረሻ ፍርድ ይስጡ የሚል የለም።

«ሲቲዝን ኬን» ድንቅ ፊልም ነው። ነገር ግን በ1941 አዲስ የነበረውን ነገር ከዚያ ወዲህ ሁሉም ስለወሰደው፣ በፊት የነበረውን ያላየ ሰው አዲስነቱ አይታየውም። ስምንት ዘጠኝ የዘመኑን ፊልሞች ካዩ በኋላ ይመለሱበት።

ለመጀመሪያው ማታ እኔ የማወጣው የሲድኒ ሉሜትን «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» (1957) ነው። 96 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ገደማ ካልሆነ በቀር ከአንድ ክፍል አይወጣም። አባቱን ገድሏል በተባለ ልጅ ላይ ለመወሰን የተሰበሰቡ 12 ሰዎች ናቸው። አሥራ አንዱ ጥፋተኛ ነው ይላሉ፣ አንዱ እስቲ እንነጋገርበት ይላል። ሽምግልና ተቀምጦ ለሚያውቅ፣ ወይም ሽማግሌዎች ሲከራከሩ እየሰማ ላደገ ሰው፣ ይህ ፊልም ምንም መግቢያ አያሻውም።

ቀጥሎ «ባይስክል ቲቭስ»ን (1948)። ከዚያ የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን በ1966 የሠራውን «ብላክ ገርል»። አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ልጅ ልትጠብቅ መስሏት ከዳካር ወደ ፈረንሳይ የሄደች ዲዋና የምትባል ወጣት፣ እዚያ ስትደርስ ምግብ አብሳይና ጽዳት ሠራተኛ ሆና ቤት ውስጥ ትዘጋለች። ወደ ዓረብ አገር የሄደች እህት ወይም ጎረቤት ያለው ሰው ይህን ፊልም እንደ ሩቅ አገር ታሪክ ሊያየው አይችልም። ከዚያ በኋላ የያሱጂሮ ኦዙ «ቶክዮ ስቶሪ» (1953) ይምጣ፤ ከክፍለ ሀገር ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ትልቁ ከተማ ስለመጡ አዛውንት ባልና ሚስት ነው፤ ልጆቹ ጊዜ የላቸውም። በመጨረሻ የራሳችን ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺሕ ዓመት» (1976)። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ በአማርኛ የሚነገር፣ ጥቁርና ነጭ፣ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብና የባለርስቱ ታሪክ ነው። የመጨረሻ ያደረግኩት ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ነው፤ ዓይን በሌሎቹ ከሠለጠነ በኋላ ይበልጥ ይሰጣል።

ቅጂውን ይመርምሩ

መጥፎ ቅጂ ጥሩ ፊልምን ይገድላል። ያው ፊልም አንዱ ቦታ ጭጋግ የለበሰ፣ ድምፁ የሚንጫጫ ሆኖ ይገኛል፤ ሌላው ቦታ ታጥቦ፣ ጭረቱ ተነሥቶለት፣ የልብስ ክር የሚቆጠርበት ሆኖ ይገኛል። «ሪስቶርድ» የሚል ካዩ ያንን ይምረጡ። ማርቲን ስኮርሴዜ ያቋቋመው የዓለም ሲኒማ ፕሮጀክት ከታደጋቸው ሥራዎች አንዱ የኃይሌ ገሪማ «ምርት» መሆኑን ሳይጠቅሱ ማለፍ ይከብዳል።

ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ በኋላ ቀለም የተቀባ ጥቁርና ነጭ ፊልም አይዩ። ብርሃኑና ጥላው በጥቁርና ነጭ ተሰልቶ የተሠራ ነው፤ ቀለሙ ይደፋበታል። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ ጭንቅላታቸው የተቆረጠ ከመሰለ ቅጂው የሰፊ ቴሌቪዥን ቅርጽ እንዲይዝ ከላይና ከታች ተከርክሟል ማለት ነው፤ ይተዉት። ሦስተኛ፣ ድምፅ አልባ ፊልም ሲሆን ሰዎቹ እንደ ጉንዳን የሚሯሯጡ ከሆነ ፊልሙ ከተቀረጸበት ፍጥነት በላይ እየሄደ ነው። የዚያ ዘመን ሰው እንደ እኛው ነበር የሚራመደው።

ሰብታይትሉ ከንግግሩ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከመጣም ፊልሙን አይርገሙት። ኮምፒውተር ላይ በቪኤልሲ የሚያዩ ከሆነ ጂ እና ኤች የሚሉትን ፊደላት ይጫኑ፤ አንዱ ጽሑፉን ያስቀድመዋል፣ ሌላው ያዘገየዋል። ይህን እንግዳ ከመምጣቱ በፊት አስተካክለው ይጨርሱ። ፊልሙንም አስቀድመው አውርደው ወይም በፍላሽ ይዘው ከሆነ፣ ኔትወርክ በመሃል ተቋርጦ ያን የመሰለ ትዕይንት ከመክሰር ይድናሉ።

ቴሌቪዥኑ፣ ማንም የማይነካው ችግር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ሰው «የድሮ ፊልም አይስበኝም» የሚለው በቴሌቪዥኑ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ።

ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። ያቺ ትንሽ መንቀጥቀጥ፣ ያ ሲኒማ ቤት የተቀመጥን የሚያስመስለን ነገር፣ ከዚያ ነው የሚመጣው። የዛሬ ቴሌቪዥኖች ግን ከፋብሪካ ሲወጡ በሁለት ምስል መካከል የራሳቸውን ምስል እየፈጠሩ እንዲሰኩ ተደርገው ይመጣሉ። ለእግር ኳስ ኳሷን ጥርት አድርጎ ያሳያል። በፊልም ላይ ግን ሁሉ ነገር በረዶ ላይ እንደሚንሸራተት ይሆናል፤ የ1953 ፊልም ትናንት ጎረቤት በስልክ የቀረጸው ይመስላል። እኔ «ቶክዮ ስቶሪ»ን መጀመሪያ ያየሁት እንዲህ ሆኖ ነው። ምን እንደሆነ ሳላውቀው አንድ ነገር ይረብሸኝ ነበር፤ ጥፋቱን በኦዙ ላይ ደፍድፌ ተኛሁ።

ሪሞቱን ይያዙና ሴቲንግ ውስጥ፣ ፒክቸር የሚለው ጋ ይግቡ። ሳምሰንግ ከሆነ ኦቶ ሞሽን ፕላስ ወይም ፒክቸር ክላሪቲ፣ ኤልጂ ከሆነ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ከሆነ ሞሽንፍሎው የሚል ያገኛሉ። ያጥፉት። ከዚያ የምስል ምርጫውን «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» ከሚለው አውርደው «ሙቪ»፣ «ሲኒማ» ወይም «ፊልምሜከር ሞድ» ላይ ያድርጉት። ለመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ደብዘዝ ያለ ይመስልዎታል፤ ይታገሡት፣ ዓይን ይለምደዋል። ሻርፕነስ የሚለውንም ዝቅ ያድርጉት፤ ከፍ ሲል ፊት ላይ የሌለ ጠርዝ ያሰምራል።

ቀጥሎ ቅርጹ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠሩ ፊልሞች አብዛኞቹ ወደ አራት ማዕዘን የቀረቡ ናቸው፤ ቁመቱ 1 ሲሆን ወርዱ 1.37። በዛሬ ሰፊ ስክሪን ላይ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መቅረት አለበት። ብዙ ቤት ያንን ጥቁር እንደ ብልሽት ቆጥረው ምስሉን ይለጥጡታል፤ ቻፕሊን ወፍሮ፣ የመኪናው ጎማ እንቁላል ሆኖ ይታያል። ይመልሱት። ጥቁሩ ትክክል ነው።

መብራቱን ያጥፉ። ጨለማው ለዓይን ከከበደ አንዲት ትንሽ መብራት ከቴሌቪዥኑ ኋላ ይተዉ፤ ከፊት ለፊቱ ያለች አምፖል ግን ስክሪኑ ላይ ትታያለችና ትጥፋ።

ሲያዩ

ስልክዎን ሌላ ክፍል ያኑሩት። ድምፁን አጥፍቶ ኪስ ውስጥ መያዝ አይበቃም። የድሮ ፊልም ብዙውን ነገር በምስል ነው የሚናገረው፤ አንገት ጎንበስ ባለበት አሥር ሰከንድ ውስጥ ሰውየው ፊቱን አዙሮ ይሆናል፣ ታሪኩም ያ ፊት ነው።

የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃ አይፍረዱ። ያኔ ሰውነት ገና በዛሬው ፍጥነት ላይ ነው ያለው። ከ20 ደቂቃ በኋላ መተንፈስዎ ከፊልሙ ጋር ካልሄደ ያኔ ይጻፉት።

ቡናው ከፊልሙ በፊት ይፈላ ወይም በኋላ፤ በመሃል አይሁን። እረፍት ራሳቸው ያስገቡ ፊልሞች አሉ፤ የኩሮሳዋ «ሰቨን ሳሙራይ» 207 ደቂቃ ነው፣ መሃሉ ላይ የራሱ እረፍት አለው። ቡናውን ለዚያ ያቆዩ።

ደግሞም በየማታው አንድ ነገር ብቻ ለመከታተል ይወስኑ። ብርሃኑን፣ ወይም ድምፁን፣ ወይም ካሜራው የት እንደቆመ። ለምሳሌ «ትዌልቭ አንግሪ ሜን»ን ሁለተኛ ሲያዩ ክርክሩን ይተዉትና የካሜራውን ከፍታ ይከተሉ። ሉሜት በፊልሙ የመጀመሪያ ሲሶ ካሜራውን ከሰዎቹ ዓይን በላይ አስቀመጠው፤ በሁለተኛው ሲሶ በዓይናቸው ትክክል፤ በመጨረሻው ከዓይናቸው በታች። ወደ ማለቂያው ጣሪያው መታየት ይጀምራል። ሌንሱንም እየቀያየረ ግድግዳዎቹ ወደ ሰዎቹ የተጠጉ አስመሰላቸው። ክፍሉ ያው ነው፣ ማንም ግድግዳ አልገፋም፤ እኛ ግን አየር ያጥረናል። መጀመሪያ ሲያዩ «ለምን ጨነቀኝ?» ብለው ከጻፉ፣ መልሱ እዚያ ነው።

ከመተኛትዎ በፊት

አሁን ደብተሩ። ረጅም ሐተታ አይጻፉ፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ቀኑን፣ ቅጂው ምን ዓይነት እንደነበረና ከማን ጋር እንዳዩ ከላይ ያስፍሩ። የሰለቸዎትም ቦታ ካለ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ ሳያፍሩ ይጻፉ፤ ይህ በኋላ በጣም ይጠቅማል። ከዚያ ዋናው ይመጣል፦ አንድ ትዕይንት መርጠው፣ «ቆንጆ»፣ «አሳዛኝ»፣ «ድንቅ» የሚሉ ቃላት ሳይጠቀሙ፣ ዓይንዎ ያየውን ብቻ ይጻፉ።

የኔን ላሳይዎት። ስለ «ባይስክል ቲቭስ» ደብተሬ ላይ ያለው እንዲህ ነው፦

«ባልየው ሥራ አግኝቷል፣ ግን ያለ ብስክሌት አይሆንም፤ ብስክሌቱ ደግሞ በመያዣ ተይዟል። ሚስትየው ምንም አልተናገረችም። አንሶላውን ከአልጋው ላይ ገፈፈችው። ወስደው በመያዣ ሰጡት፣ ብሩን ተቀበሉ፣ ብስክሌቱን አስለቀቁ። ባልየው በመስኮቱ ወደ ውስጥ ያያል። ሠራተኛው የነሱን አንሶላ ተሸክሞ መደርደሪያው ላይ ይወጣል። መደርደሪያው እስከ ጣሪያው ድረስ ነው። ሙሉው አንሶላ ነው።»

ይህን ስጽፍ ነው የገባኝ። ዴ ሲካ «ሮም በጦርነቱ ማግስት ተርባ ነበር» የሚል አንድ ቃል አላስነገረም። አንድ ሰው መሰላል ሲወጣ አሳየን፣ በቃ። እዚያ የተደረደረው እያንዳንዱ ጥቅል የአንድ ቤት አልጋ ነው። ቁጥር ብቻ ሰጥቼ ተኝቼ ቢሆን ያ መደርደሪያ ከአእምሮዬ በወሩ ይጠፋ ነበር።

ስለ ፊልሙ የተጻፈውን ማንበብ ከዚህ በኋላ ነው፤ በፊት ካነበቡ የሰው ዓይን ይዘው ይገባሉ። በኋላ ሲሆን ግን ንባቡ ያዩትን ያበራል። ዋናውን ሰው ሆኖ የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ እንዳልነበረ፣ ትልቁ የሮም ስቱዲዮ ቺኔቺታ በጦርነቱ ማብቂያ የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኖ እንደነበረ፣ የዚያ ዘመን ዳይሬክተሮችም ካሜራቸውን ይዘው መንገድ እንደወጡ ሲያነቡ፣ መንገዱ ለምን እንደዚያ እውነት እንደመሰለዎት ያውቃሉ።

ነጥቡ በማግስቱ

ተኝተው ይነሡ። ሌሊቱን ያደረው ነው ሚዛን ላይ የሚወጣው። ስንት ፊልም አለ ማታ አስለቅሶ ጠዋት ምኑም የማይታወስ፤ ስንትስ አለ ማታ አስለችቶ ጠዋት ፊት እየታጠቡ የሚመጣ።

የአሥር መለኪያ አልወድም፤ በ6 እና በ7 መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። አምስት በቂ ነው፣ እያንዳንዱም ድርጊት ይኑረው። 1፦ ለመጨረስ ታገልኩ። 2፦ አንድ ትዕይንት ቀረልኝ። 3፦ ጊዜዬ አልቆጨኝም። 4፦ ለምወደው ሰው አሳየዋለሁ። 5፦ ደግሜ አየዋለሁ። ቃላቱን እንደ ራስዎ ይቀይሯቸው፤ ነገር ግን ካወጡ በኋላ ይጽኑባቸው።

ሁለት ቁጥር ይስጡ። አንዱ ለአሠራሩ፣ አንዱ እርስዎን ምን ያህል እንደነካዎት። አደባልቀው አማካይ አያውጡ። «ሲቲዝን ኬን» እኔ ዘንድ 5 እና 3 ነው፤ «ብላክ ገርል» 4 እና 5። የየፊልሙን ሁለት ቁጥር ደምሬ ለሁለት አካፍዬ «4 እና 4.5» ብል ያየሁትን ሁሉ ሰርዣለሁ ማለት ነው።

ቁጥር የማይሰጠውም አለ። የግሪፊዝ «በርዝ ኦቭ ኤ ኔሽን» (1915) በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ የሚሆነውን እያፈራረቁ የማሳየት ጥበብ እንዴት ልብ እንደሚያንጠለጥል ያሳየ ፊልም ነው፤ ጀግኖቹ ደግሞ የኩ ክሉክስ ክላን ፈረሰኞች ናቸው፣ ጥቁሩን ሰው አውሬ አድርጎ ይስላል። በዚያው ዓመት ክላኑ እንደገና ተመሠረተ። እኔ በሁለቱም ዓምድ ባዶ መስመር ትቼ፣ ያየሁትን ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ጥበቡን መካድ አልቻልኩም፤ ጥበቡ የተሠራበትን ነገር ግን ኮከብ ልሰጠው እጄ አልታዘዘም። እርስዎም እንዲህ ያለ ሲገጥምዎ ቁጥሩን ይተዉትና ይጻፉ።

ከቤተሰብ ጋር

ሁሉም ነጥቡን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ያጥፍ፤ ከዚያ ወሬው ይጀመር። አለዚያ መጀመሪያ የተናገረው ሰው የሁሉንም አፍ ይዘጋል፣ በተለይ አባወራው ከሆነ።

ሰብታይትል ማንበብ የማይችሉ አዛውንት ቤት ውስጥ ካሉ ድምፅ አልባ ፊልም ያውጡላቸው። ቻርሊ ቻፕሊን «ሲቲ ላይትስ»ን ያወጣው በ1931 ነው፤ ፊልም መናገር ከጀመረ ከዓመታት በኋላ፣ እሱ ግን አልናገርም ብሎ። አልፎ አልፎ የሚመጣውን ጽሑፍ አንድ ሰው ጮክ ብሎ በአማርኛ ይንገር፣ ይበቃል። እኔ ለእናቴ እንደዚያ ሳደርግ፣ ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ የመኪና በር ሲዘጋ ሰምታ ቻርሊን ሀብታም ሰው ነው ብላ የምታስብበት ትዕይንት ላይ ደረስን። ድሃው ቻርሊ አበባውን ገዝቶ መልሱን ይጠብቃል፤ የመኪናው እውነተኛ ባለቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል፣ መኪናው ይሄዳል። ልጅቷ ወደ መኪናው ድምፅ ዞረች። ጽሑፉን ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ፦ «የሄደ መስሏታል እኮ! ዝም በላት፣ መልሱን ይተውላት።» ቻርሊም በጥፍሩ ቆሞ ድምፅ ሳያሰማ ራቀ። ድምፅ የሌለው ፊልም ስለ ድምፅ እንዲህ ሲናገር ሌላ አላየሁም። ቻፕሊን ያንን መገናኘት አልሆነልኝም እያለ ከ300 ጊዜ በላይ ደጋግሞ እንደቀረጸው ያነበብኩት በኋላ ነው። የእናቴ ወረቀት ላይ ቁጥር አልነበረም፤ «ያቺ ልጅ» ይላል። ደብተሬ ውስጥ ለጥፌዋለሁ።

ደግሞ ማየት

በዓመት አንድ ጊዜ ደብተሩን ከመጀመሪያው ይግለጡና ሦስት ፊልም መርጠው እንደገና ይዩ፤ አንዱ ዝቅተኛ ነጥብ ከሰጧቸው መካከል ይሁን። የቀድሞውን ቁጥር አይሰርዙ። አዲሱን ከጎኑ በሌላ ቀለም ይጻፉ፣ ቀኑንም ጭምር።

የኔ «ቶክዮ ስቶሪ» መስመር በሰማያዊ «3፣ 2፤ ካሜራው ወለሉ ላይ ተቀምጦ አይነሣም፤ 40ኛው ደቂቃ ላይ እንቅልፍ» ይላል። ያኔ ቴሌቪዥኑን አላስተካከልኩም ነበር፣ ወላጆቼም ገና አላረጁም ነበር። ከጎኑ በቀይ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ፦ «5፣ 5። ካሜራው ያለው ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ ላይ ነው። እንደ እንግዳ ከነሱ ጋር ተቀምጫለሁ። እናትየው የማታውቀውን ከተማ ቁልቁል እያየች፣ እዚህ ብንጠፋፋ ዕድሜ ልካችንን አንገናኝም ትላለች። ነገ ስልክ ልደውል።»